ወንዙ ድረስ የሸኙኝ ሰው

ለጃፓን ቪዛ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ፣ አገሩ ከሚገቡበት ቀን ጀምሮ በየምሽቱ የት እንደሚያድሩ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው፣ ስልኬ ላይ ሦስት ማደሪያዎች መርጬ፣ ፎቶዎቻቸውን አስቀምጬ፣ አንዱን ቆርጬ መያዝ አቅቶኝ ሳመነታ ነው።

አስቀድሜ ስለራሴ ትንሽ ልበል። ያኔ በጋዜጠኝነት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ጎርፍም፣ ድርቅም፣ ጦርነትም ዘግቤያለሁ። ባልደረቦቼ «ጌታሁን አይደነግጥም» ይላሉ፤ እውነቱ ግን የምደነግጠው ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ መሆኑ ነው። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያላወቅሁትን አላወቅሁም ብሎ መጻፍ ልማዴ ነው። እዚህም ከዚያ አልወጣም። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የመንደሩን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ከአዋሽ በኩል የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ ሸዋ ሮቢት ድረስ ቆርቆሮ ያንቋቋ በነበረበት ሰሞን ተከታታይ ዘገባ ሠርቼ ነበር። በዚያ የተነሣ ጃፓን ውስጥ ስለ አደጋ አዘጋገብ ለሚሰጥ አጭር ሥልጠና ተመረጥኩ። ለሥልጠናው ቀናት ማደሪያ የሚያዘጋጁት ጋባዦቹ ናቸው። ከዚያ በፊት ላሉት ጥቂት ምሽቶች ግን ራሴ መፈለግ ነበረብኝ። የቪዛ ቀጠሮዬ ሰኞ ነው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ አጣዬ ነበርኩ። ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ መልሰው የሠሩ ነጋዴዎችን አነጋግሬ ሥራዬን ጨርሼ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ስድሳ የተሻገሩ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል የያዙ ገበሬ ነበሩ። እኔ የማደሪያዎቹን ፎቶ አገላብጣለሁ። ብዙ ታገሡና በመጨረሻ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ይቺ ደግሞ የማን ቤት ናት?»

«ጃፓን ነው ጋሼ። ልሄድ ነውና የማድርበት እየፈለግሁ ነው።»

«ጃፓን!» አሉና የሚኒባሱን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «መኪናቸውን ይኸው ስንት ዘመን ስንሳፈርበት፣ ሰዎቹን ግን አላየናቸውም። ዘመድ አለህ እዚያ?»

«የለኝም።»

«ዘመድ ከሌለህ ታዲያ በምን ትመርጣለህ?»

ይህን እንዳሉ መኪናው ቆመ። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ያበራል ያጠፋል፤ አጠገባችን ሲደርስ ሾፌሩ አንገቱን አወጣና ለሾፌራችን «ተመለስ! እየተታኮሱ ነው» ብሎት አለፈ። የእኛው ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ እኛ ዞረ።

«እኔ አጣዬ ልመለስ ነው። የሚወርድ ካለ አሁን ይውረድ።»

ብዙዎቹ መመለስን መረጡ። እኔ አመነታሁ። ይህ መንገድ አንዴ ከተዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ ሰኞን ማጣት ደግሞ ጉዞውን ማጣት ነው። ሰውየው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ቤቴ ከዚህ በእግር ነው» አሉኝ። «መንገድ የዘጋበት እንግዳ እንደሆንክ ቁጠረው። ነገ ሲበርድ ትሄዳለህ ኢንሻአላህ።»

ሥራዬ የማላውቀውን ሰው ተከትዬ ወደማላውቀው ቦታ እንዳልሄድ አስተምሮኛል። ግን ከኋላችን የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ወረድኩ። ስማቸው ጋሽ እንድሪስ እንደሚባል የነገሩኝ የማሽላውን ማሳ እያቋረጥን ነው፤ እኔም ጌታሁን እንደምባል ነገርኳቸው።

ቤታቸው በቁልቋል አጥር የተከበበ፣ ግቢው ውስጥ የማሾ ገለባ የተቆለለበት ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ እኔን ሲያዩ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም፤ «ከተኩሱ ተረፋችሁ? አልሐምዱሊላህ» ብለው እግሬ የሚታጠብበት ውሃ አስመጡ። ያመጣችው ልጃቸው ከድጃ ናት። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትምህርቷን በግርግሩ ያቋረጠች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ።

ራት ሲቀርብ የእኔ ሳህን ከእነሱ የተለየ መሆኑን አየሁ። ከድጃ ዓይኔን ተከትላ፣ «የክርስቲያን እንግዳ ሳህን ነው ጋሼ» አለች። «ሥጋችን ነክቶት አያውቅም፣ አትፍራ። ከእኔ ይልቅ የሚጠበቅ ሳህን ነው።»

«ሳህኑ ቃል አይመልስም፣ አንቺ ትመልሻለሽ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ በላን። ጋሽ እንድሪስ የሰሙትን ወሬ አረጋግጥልኝ አሉ፤ ጃፓኖች ማሾን ውሃ ውስጥ አብቅለው ቡቃያውን ይበሉታል የሚባለው እውነት ነው ወይ? እውነት ነው አልኳቸው። «ጥቂት ቢታገሡት እኮ ያፈራላቸው ነበር» አሉና ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ «በል እነዚያን ቤቶች አምጣቸው» አሉኝ።

ስልኬን መደቡ ላይ አስቀመጥኩ። ሦስቱም ከበቡት።

የመጀመሪያው ርካሹ ነው። ክፍል የለውም፤ ግድግዳው ላይ እንደ መሳቢያ የተደረደሩ ጎድጓዶች አሉት፣ እንግዳው በአንዱ ገብቶ ይተኛል። ጋሽ እንድሪስ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄማ ለሕድ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«መቃብር ስንቆፍር በጎኑ በኩል ለሬሳው የምናበጀው ጎድጓድ ነዋ። ሰው በቁሙ ከፍሎ ይገባበታል?»

«አባዬ፣ መብራት አለው እኮ» አለች ከድጃ። «መስታወትም አለው።»

«መብራት ያለው ለሕድ። እለፈው ልጄ፣ ሁላችንም በነፃ እንገባበታለን።»

ሁለተኛው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። እንግዳ የሚቀበል ሰው የለውም፤ ማሽኑ ላይ ስምህን ጽፈህ ቁልፍ ትወስዳለህ።

«ደህና ገባህ የሚልህ የለም?»

«የለም።»

«ስትወጣስ?»

«ቁልፉን ሣጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ ነው።»

«ማንም ሳያየው ገብቶ ማንም ሳያየው የሚወጣ ሌባ ነው» አሉ። ከድጃ በሳቅ ወደቀች።

ሦስተኛው ኪዮቶ በምትባል ከተማ ያለ የእንጨት ቤት ነው። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ፎቶው ላይ በሯ ላይ ቆማ እጇን ሆዷ ላይ አጣጥፋ ጎንበስ ብላለች። መኝታው መሬት ላይ ነው፣ የሣር ምንጣፍ ላይ። ከሁለቱ ይወደዳል፣ ከጣቢያውም ይርቃል።

«ብቻዋን ሆና የማታውቀውን ወንድ ታሳድራለች?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ወላሂ ጀግና ናት።»

ጋሽ እንድሪስ ጣታቸውን ከሴትዮዋ ምስል አጠገብ አስቀመጡ። «ይቺ ናት። ከሦስቱ ፊት ያላት ይቺ ብቻ ናት። ታች የተጻፈው ምንድን ነው?»

«እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በነፃ መሰረዝ ይቻላል ይላል።»

«ምኑ ነው የሚሰረዘው?»

«እንግድነቱ። ሐሳቤን ከቀየርኩ አልመጣም እላለሁ፣ ያለ ቅጣት።»

«እሷም ትሰርዝሃለች?»

«ችግር ካጋጠማት ትችል ይሆናል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዳ ይሰረዛል እንዴ?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለባለቤታቸው።

ጀንበሯ ጠልቃ ገና ሳይጨልም ውሻው ጮኸ። የአጥሩ በር ላይ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የለበሱትን አይቻለሁ፤ ግን በዚያ ሰሞን ልብስ ብቻውን የማንን ወገንነት አያስረዳም ነበርና እነማን እንደነበሩ አልጽፍም። ጋሽ እንድሪስ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። የጋዜጠኛ መታወቂያዬን ከኪሴ አወጣሁ። ከድጃ እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት፣ ማሾው ጆንያ ውስጥ ከተተችው። ሳቋ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

«እንግዳ ገብቷል አሉን» አለ አንደኛው።

«ገብቷል።»

«ማነው?»

«የእኔ ነው።»

«የእኔ ማለት ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ሥራው ምንድን ነው?»

«ልጄ፣ እንጀራዬን በልቷል። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም፣ አንተም አትጠይቀኝ። ነገ ጠዋት ራሴ ሸኝቼ ከአገሩ አወጣዋለሁ።»

ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ወደ ቤቱ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጋሽ እንድሪስ አልተንቀሳቀሱም። አልጮኹም፣ ዱላቸውንም አላነሡም፤ በሩ መሀል ብቻ ቆሙ። የመጀመሪያው የጓደኛውን ክንድ ያዘና «ራስህ ሸኘው እንግዲህ» አላቸው። ሄዱ።

ጋሽ እንድሪስ ወደ ቤት ሲገቡ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ሻይ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አሉ። እኔም አላነሣሁትም። ለእኔ ያነጠፉልኝ የራሳቸውን አልጋ እንደነበር ያወቅሁት ጠዋት ከሰሌን ላይ ሲነሡ ሳይ ነው።

ሱብሂ ሰግደው ሲጨርሱ ተነሣን። እትዬ ዘይነባ ለመንገድ ዳቦ ቋጠሩልኝ። ከድጃ እስከ ቁርቁራው ዛፍ አብራን ወጣች፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው። ስልክ ቁጥሬን ያዘች፣ መታወቂያዬን ከነማሾ አቧራው መለሰችልኝ። ኢንተርኔቱም ለጥቂት ደቂቃ መጣ። የአሮጊቷን ቤት ከፈትኩ።

«ቢስሚላህ በል» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ነካሁት። ተይዟል የሚል መልእክት መጣ። ከድጃ፣ «በል አባዬ ጃፓን ቤት ገዛህ» አለች። እሳቸው እውነትም ደስ ብሏቸው ነበር።

ከመንደሩ በታች እስካለው ወንዝ ድረስ መንገዱ ማሳ ለማሳ ነው። ከማዶ ዳገቱን ከወጣሁ አስፋልቱን አገኛለሁ፤ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ባጃጅ አይጠፋም። ተኩስ አልነበረም። መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይበቃል። ከዚህ በኋላ አልጠፋም፣ ይመለሱ።»

«ሸኛለሁ ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያሉት? ለእነዚያ ሰዎች?»

«ለእነሱ መቼ አልኩ? ለራሴ ነው ያልኩት።»

ወንዙ ጋ ስንደርስ እንደገና ለመንኳቸው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ግን ዳርና ዳሩ አሸዋ ነው፣ ቁጥቋጦ የለበትም፣ ከሁሉም አቅጣጫ ይታያል። ይህን ያየሁት ያኔውኑ ነው። «ቶሎ ይመለሱ» አልኳቸው።

«አንተ ተሻገር። ማዶ ስትወጣ አይቼህ እመለሳለሁ። ጀርባውን ለእንግዳው የሰጠ ሸኚ እንዳባረረው ነው።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «አላህ የምታድርበትን ቤት ያቅናልህ።»

ተሻገርኩ። ዳገቱ መሀል ላይ ዞር ብዬ አየሁ። እዚያው አሸዋው ላይ ቆመዋል። እጄን አወዛወዝኩ፤ ይመለሱ ማለቴ ነበር። እሳቸው ደህና ይሁኑ ያልኩ መስሏቸው ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። ጫፉ ላይ ደርሼ ስዞር አሁንም ቆመዋል። ከእይታ እንድወጣላቸው ቸኮልኩ፤ ቶሎ ከተሰወርኩ ቶሎ ይመለሳሉ ብዬ።

አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኘሁ። እግሬን ሳስገባ ከኋላዬ፣ ከወንዙ በኩል፣ ተኩስ ሰማሁ። አንድ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ።

ባለባጃጁ «ግባ እንጂ፣ ምን ትሰማለህ?» አለኝ።

ገባሁ። በዚያ አገር በዚያ ሰሞን ተኩስ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሰው በከንቱ ይተኩሳል፣ ለሠርግ ይተኩሳል፣ ጅብ ለማባረር ይተኩሳል። እነዚህን ሁሉ በየተራ ለራሴ ነገርኩት። ሸዋ ሮቢት ገብቼ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣ መኪና መፈለግ ጀመርኩ። አንድ መኪና ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት አገኘሁና ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ገባህ?» ከድጃ ናት።

«ገብቻለሁ። ደህና ናችሁ?»

«አባዬ አብሮህ ነው?»

«ወንዙ ላይ ነው የተለያየነው። ተመልሰዋል።»

«አልገባም» አለች። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል፤ ቁርቁራው ሥር ናት። «እስካሁን አልገባም።»

ከመኪናው ወረድኩ። ይህን እንደ ጀግንነት አትቁጠሩልኝ፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው የወረድኩት። የሚወስደኝ ባጃጅ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ወንዙ ጋ ስደርስ የመንደሩ ሰዎች ቀድመውኛል። ጋሽ እንድሪስ የተገኙት እኔ ትቻቸው ከሄድኩበት አሸዋ ትንሽ ወደ ማሳው ገባ ብሎ ነው። ዱላቸው አጠገባቸው ነበር። ፊታቸው ወደ ቤታቸው ነው፤ ስለዚህ መመለስ ጀምረው ነበር ማለት ነው። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ማን እንደተኮሰ ያየ ሰው አላገኘሁም። ሰማሁ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ የአንዱ ወሬ ግን ከሌላው ጋር አይገናኝም። ማታ በር ላይ የመጡት ናቸው የሚል አለ፣ አይደሉም የሚልም አለ። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ዛሬም አላውቅም።

ጀናዛው በዚያው ቀን ወጣ። ተኩስ በነበረበት አገር ቀብር አይቆይም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ከዳገቱ በኩል ወርደው አብረው ቆፈሩ፤ እኔም አካፋ ተቀብዬ ተራዬን ቆፈርኩ። ጉድጓዱ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ወርደው በጎኑ በኩል ለሬሳው የሚሆነውን ቦታ ማበጀት ጀመሩ። ለሕዱን አየሁት። ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል። ትናንት ማታ የሳቅንበት ቦታ ነው። አካፋውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ዞር አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ዘንድ የገባሁት ከቀብር መልስ ነው። ቀና ብለው አዩኝና መጀመሪያ የጠየቁት ይህን ነው፦

«በሰላም ገብተህ ነበር?»

«ገብቼ ነበር» አልኳቸው።

«ወዲያ ስንገናኝ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ከድጃ አላለቀሰችም። ደጁ ላይ፣ የማሾው ገለባ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ።

«መሀል መንገድ ላይ ለምን አልመለስከውም?»

«ለመንኳቸው።»

«እሱ በልመና አይመለስም። ሮጠህ ብትጠፋበት ይሻል ነበር።» ይህን ያለችው በቁጣ ነው፣ ልክም ነበረች። ቀጥላ ግን ዝግ ብላ ጠየቀችኝ። «ያንን ቤት ትሰርዘዋለህ?»

«አላውቅም ከድጃ። አሁን ስለ ጃፓን ምን…»

«እንዳትሰርዘው» አለችኝ። «እሱ ነው የመረጠው።»

ሰኞ ቀጠሮዬ ላይ ደረስኩ። የት እንደሚያድሩ የሚለውን ጠየቁኝ፣ የአሮጊቷን ስምና አድራሻ ሰጠሁ። ማን መረጠልህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

አንባቢዎቼ፣ ከእንዲህ ዓይነት ታሪክ ትምህርት እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ያ ሰው ለእንግዳው ሞተ፣ እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው ብዬ ብጨርሰው ይቀለኝ ነበር። አልልም። ደግነታቸው አላዳናቸውም፤ ሚስታቸው ያለ እሳቸው ቀርተዋል፣ ልጃቸው ማሾውን የምትሸጠው ራሷ ናት፣ የገደላቸውም የት እንዳለ አይታወቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሰው ሲሸኛችሁ፣ የሚመለስበትን መንገድ እናንተም እዩለት። እኛ ያደግነው እንግዳው ደህና መግባቱን ስንጠይቅ ነው። ሸኚው ደህና መመለሱን የሚጠይቅ ልማድ የለንም። እኔ ዛሬ ማንም ከበሩ አንድ እርምጃ ቢሸኘኝ፣ ስልክ ደውዬ «ገባህ?» ሳልለው አልውልም። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ኪዮቶ የደረስኩት ዝናብ ሲያካፋ ነው። አሮጊቷ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለችው በሯ ላይ ቆማ ጎንበስ አለች። ቋንቋ አልተግባባንም። ሣር ምንጣፉ ላይ አነጠፈችልኝ፣ ሻይ አመጣችልኝ፣ ደህና መግባቴን በእጇ ጠየቀችኝ። ምሽቶቹ ሲያልቁ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። እንግዳን ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ የመሸኘት ልማድ እዚያም እንዳለ ማንም አልነገረኝም ነበር። አሮጊቷ ጫማዋን አድርጋ ተከትላኝ ወጣች። እስከ መንገዱ መጨረሻ ሸኘችኝና ቆመች። ጥቂት ሄጄ ዞር አልኩ፤ ቆማለች፣ እጇን ታወዛውዛለች። ማዕዘኑ ጋ ደርሼ ዞር አልኩ። ባዶ መንገድ ላይ ብቻዋን፣ ከእይታዋ እስክወጣ እየጠበቀች፣ አሁንም ቆማለች።

«ይመለሱ!» አልኳት ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። ደህና ይሁኑ ያልኳት መሰላትና ይበልጥ ጎንበስ አለች።

አገሩ ሰላም እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ምንም እንደማይደርስባት አውቃለሁ። ሻንጣዬን እዚያው አስቀምጬ ተመለስኩ። ምን ረሳህ በሚል ዓይን አየችኝ። ክንዷን ያዝኩና እስከ በሯ ድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ ግራ ገብቷት ሳቀች። እንድትገባ በእጄ አሳየኋት። ገባች። በሩ ተንሸራትቶ ሲዘጋ እስክሰማ ቆምኩ፣ ከዚያ ሄድኩ።